ማይነስ አራት ሺህ ስድስት መቶ

ሰው በእባብ ይደነግጣል፣ በእሳት ይደነግጣል፣ በመብራት ቢል ይደነግጣል። እኔ በአንዲት ሰረዝ የደነገጥኩ ሰው ነኝ። ከቁጥር ፊት የምትቆም፣ የትንኝ እግር የምታህል ሰረዝ። ያደረገችኝን ልንገራችሁና ፍረዱ። ፍርዱ በእኔ ላይ እንደሚሆን ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ብቻ አትቸኩሉ።

ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ የልብስ መስቀያ፣ ክዳኑ የማይገጥም ምሳ ዕቃ። የሂሳብ አያያዜ ቀላል ነበር፤ መሳቢያውን እስባለሁ፣ ብር ካለ አልሐምዱሊላህ፣ ከሌለ ሶብር። በዚህ ዘዴ ስድስት ዓመት ነግጃለሁ። መሳቢያዬ ደግሞ አታሳፍርም፣ በተለይ በቅርቡ ጨርሳ ባዶ ሆና አታውቅም። ስለዚህ «ነጋዴ ነኝ» አልኩ። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። «ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ እከፍታለሁ» አልኩ።

ባለቤቴ ዘምዘም ይህን ስትሰማ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ።

«አንተ ስትነግድ እንጂ ስታተርፍ አይቼህ አላውቅም» አለች።

ምቀኛ ሩቅ አይደለም፣ ከጓዳ ነው የሚነሳው ብዬ ወጣሁ። ችግሩ ገንዘቡ ያለው የዘምዘም ወንድም እንድሪስ ጋ መሆኑ ነው። እንድሪስ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ሲስቅ እንኳ ደረሰኝ የሚቆርጥ ይመስላል።

«ግማሹን አወጣለሁ» አለኝ። «ግን የአንድ ወር ሂሳብህን አምጣልኝ። በአፍህ አይደለም፣ በዚህ።» አሮጌ ላፕቶፑን አስታቀፈኝ። «ለቅርንጫፉ ያሰብነው ቤት ባለቤት እስከ መስከረም ሃያ አምስት ይጠብቀናል። ከዚያ ለሌላ ያከራየዋል።»

እኔ ግን ወሩን የት ልጠብቅ! በዚያው ሳምንት ሰሌዳ አስጻፍኩ፤ «ቅርንጫፍ ቁጥር 2» የሚል፣ በደማቅ ቀይ። ሆጤን ዞሬ ያልነገርኩት ሰው የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። የሂሳብ ፕሮግራም ሲባል እኔ የጠበቅኩት ቀለም ያለው፣ ሥዕል ሥዕሉን የሚጫኑት ነገር ነው። ስከፍተው ጥቁር ሆነ። ድብን ያለ ጥቁር! መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ብልጭ ድርግም ትላለች። ደንግጬ ደወልኩ።

«እንድሪስ፣ ዕቃህ ተቃጥሏል። ወላሂ እኔ አልነካሁትም።»

«አልተቃጠለም። ፕሮግራሙ እሱ ነው። ትእዛዝ እየጠበቀ ነው።»

«የማንን?»

«ያንተን።»

ይሄኛውም ሌላ ድንጋጤ። በስድስት ዓመት የትዳር ዘመኔ ትእዛዜን የጠበቀ ፍጡር ይሄ የመጀመሪያው ነው።

እንድሪስ በስልክ አስተማረኝ። ሕጉ አንድ ነው፤ ገንዘብ ዝም ብሎ አይመጣም፣ ዝም ብሎም አይሄድም። ከየት እንደመጣ አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ የት እንደገባ ሌላ መስመር ትጽፋለህ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ዜሮ መምጣት አለበት። «ዜሮ ለማምጣት ከሆነማ ምን አለፋኝ፣ ሱቁን አልዘጋም እንዴ?» ብለው ዘጋብኝ። ስልኩን ማለቴ ነው።

ቀጥሎ የክፍት ቦታ ጣጣ መጣ። በስሙና በብሩ መሃል ሁለት ክፍት ቦታ ተው ተብያለሁ። እኔ ደግሞ ቆጣቢ ነኝ፣ አንድ ይበቃል ብዬ አንድ ተውኩ። ለካ በአንዱ ብቻ ከለየኸው ብሩን የስሙ አካል ያደርገዋል። በሦስተኛው ቀን የወጪዎቼን ዝርዝር ስጠይቀው «ሻይ 30»፣ «ሻይ 45»፣ «ባጃጅ 60» የሚባሉ ሰዎች የማውቃቸው ይመስል ተሰልፈው መጡ። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ።

ከዚያ ጳጉሜ ገባች። አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ብጽፍለት ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ተቆጣኝ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ቁጣ መሆኑን ለይቻለሁ። ጎረቤቴ ሰይድ ጩኸቴን ሰምቶ ብቅ አለ። ሰይድ ጫማ ይሸጣል፤ እውነቱን ለመናገር ጫማ ይደረድራል፣ ሲሸጥ እምብዛም አላየሁትም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጳጉሜን አላውቃትም አለኝ!»

ሰይድ አሰብ አደረገና ፊቱ በራ። «ታዲያ ጳጉሜን የማያውቅ ከሆነ የጳጉሜን ግብርም አያውቅማ! አቦ ተወው፣ አትንገረው።»

እንድሪስን ስጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲ በሸጥኩ ቁጥር ቀን ስመነዝር እውላለሁ።

እዚህ ላይ ሐጂ ይማምን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሳቸው ነገሩ አይገባችሁም። ሐጂ ይማም የሟች አባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ሰማንያን የተጠጉ። ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና መሳቢያው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በእኔ ሒሳብ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ «ይሄ ባልዲ ስስ ነው ልጄ፣ ወንዝ አያደርስሽም» ብለው ያስመልሱብኛል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዙህርን ሱቋ ጥግ ነው የሚሰግዱት፤ እኔ መስጊድ ደርሼ እስክመለስ ሱቁን ይጠብቃሉ። ዘምዘምን «እኒህ ሽማግሌ ሊያከስሩኝ ነው» ያልኳት ስንት ጊዜ ነው! አሁን ሳስበው ምላሴን በጥፊ ብለው ደስ ይለኛል።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። እንድሪስ አንድ የመጨረሻ ነገር አዘዘኝ። «በየቀኑ ዐስር ከመስገድህ በፊት መሳቢያውን ቁጠርና ያለውን ብር ጻፍ። ከሽያጭህ ጋር ካልተስማማ ልዩነቱን ‹ያልታወቀ› በለው። ብሩን ባዶ ተወው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል።»

ከትምህርቱ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው፤ ባዶ መተው። እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ባዶውን እተዋለሁ። ማወዳደር የእሱ ሥራ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ግን ድምሩን አሳየኝ ብለው ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ሽያጭ፣ ማይነስ ዘጠኝ ሺህ! ባልዲ ስሸጥ ብር ጨምሬ እየሰጠሁ ነበር እንዴ? ደወልኩ።

«በዚህ ፕሮግራም ማይነስ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም» አለኝ እንድሪስ፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ። «ገንዘቡ ከዚያ መጣ ማለት ነው። ከሽያጭ ወጥቶ መሳቢያህ ገባ። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ።

አንባቢ ሆይ፣ አልገባኝም ነበር። ለሽያጭ ብቻ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ ነው የመሰለኝ። በዓለም ላይ እንደ «ገባኝ» ያለ ውድ ቃል የለም፤ ዋጋውን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ወሩ መስከረም ሃያ ላይ ሞላ። መሳቢያዬ ከወሩ መጀመሪያ በሰባት መቶ ብር በልጣለች። ትርፍ! ብድግ ብዬ ሳፋ መታሁ። ከዚያ የቀረውን ዝርዝር ላየው ዝቅ አልኩ።

ያልታወቀ፣ ማይነስ አራት ሺህ ስድስት መቶ።

ያ አላህ! ደሜ ቀጥ አለ። እንደገና አየሁት። ሰረዟ አለች። አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር ከሱቄ ወጥቶ የት እንደገባ አይታወቅም! ከዚያ ድንጋጤዬ ሒሳብ መሥራት ጀመረ። ተሰርቄም ሰባት መቶ ካተረፍኩ፣ ባልሰረቅ ኖሮ አምስት ሺህ ሦስት መቶ አትርፌ ነበር። ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ነጋዴ ነኝ! በአንድ ጊዜ ተሰርቆም ኮርቶም የሚያውቅ ሰው ካለ ይመስክርልኝ።

ታዲያ ሌባው ማን ነው? መሳቢያው ጋ የሚደርሰው እኔና ሐጂ ይማም ብቻ ነን። እኔ አይደለሁም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሐጂ ሁለተኛ ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር።

«ሐጂ» አልኩ፣ ድምፄ ሳላዝዘው ጮኸ። «እኔ መስጊድ ስሄድ ከመሳቢያዬ ብር ይወስዳሉ?»

ማንኪያው ቆመ። «እኔ? አልወሰድኩም ልጄ።»

«ታዲያ አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር ማን ወሰደው? ኮምፒውተሩ እኮ ጽፎታል! እርስዎ ነዎት እዚህ የሚቀመጡት! በዚህ ዕድሜዎ አላህን አይፈሩም?»

ሰይድ ከነጫማው መጣ፣ ሁለት ሴቶች ሳፋ ለመግዛት ቆመው ነበር፣ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ሐጂ ይማም ላፕቶፑን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ። 

«አላህ ያውቃል» አሉ። ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ሻያቸው በግማሽ ቀረ።

ሴቶቹ ሳፋውን ሳይገዙ ሄዱ። ሰይድ «ኧረ በአላህ፣ ሐጂ ይማም?» አለ። «ማሽን አይዋሽም» አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀቱንም ሞኙንም ሆኜ ተገኘሁ።

በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፌ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የደሴን ብርድ አምኜ ጃኬት ደርቤ ነበር፤ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ ሲወርድ ላብ በላብ ሆንኩ። ሰሌዳዬንም ይዣለሁ፤ ጉዳዩ ካለቀ እዚያው ልሰቅላት። እንድሪስ በምሳ ሰዓቱ ፋብሪካው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ጠበቀኝ።

«ወሩን በትርፍ ጨርሻለሁ» አልኩ ገና ሳልቀመጥ። «ሌባም ይዣለሁ።»

ላፕቶፑን ከፍቶ አየ። ወደ ላይ አለ፣ ወደ ታች አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አየ።

«ይሄ ‹ያልታወቀ› ማነው?»

«ሌባው ነዋ!»

«ሌባ?» አለ እንድሪስ። «ይሄ ሰውዬ ሌባ ከሆነ ነገ እኔም ቤት ይምጣልኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማይነስ ማለት ምን ነበር ያልኩህ?»

«ገንዘቡ... ከዚያ መጣ?»

«ከዚያ መጣ። ከሽያጭህ ሳይሆን፣ ከማይታወቅ ቦታ፣ አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር መሳቢያህ ውስጥ ገብቷል። በየሁለት በየሦስት ቀኑ፣ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ። ማንም አልወሰደብህም። ሲጨምርልህ ነው የከረመው።»

እሱ ግን ገና አልጨረሰም።

«ሱቅህ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ከስሯል። ሰውየው ባይጨምርልህ መሳቢያህ አሁን ያንን ያህል ጎድሎ ታገኘው ነበር። ያቺ ሰባት መቶ ያንተ ትርፍ አይደለችም፤ ከእሱ የተረፈች ናት።»

«እንዴት እከስራለሁ? ባልዲውን በመቶ ስድሳ ገዝቼ በመቶ ሰማንያ ነው የምሸጠው!»

«ወጪህን እንኳ አይሸፍንም፤ እዚህ የጻፍከው ግማሹ በመቶ ስድሳ ተሽጧል።»

«እነሱማ ዘመድ ናቸው።»

«ሆጤ ውስጥ ዘመድህ ያልሆነ ማን አለ?»

አሰብኩ። «ሁለት ሰዎች አሉ» አልኩ።

እንድሪስ ላፕቶፑን ከደነው። ሲስቅ አላየሁትም፣ ሲቆጣም አላየሁትም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ቅርንጫፉ ይቅር። ቤቱን ለሌላ ያከራየው። አሁን ግን ተነስና ሂድ። ይሄን ሰው ሌባ አልኩት ያልከኝ ቀልድህን ነው አይደል?»

ቀልዴን አልነበረም። ሳልሰናበተው ነው የሮጥኩት። አንድ ወር ሙሉ ያለምኩት ቅርንጫፍ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ቀርቶ፣ ወላሂ ትዝም አላለኝ። ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሚኒባሱ ያዘግማል። እኔ ሰሌዳዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ የተናገርኩትን ቃል አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። በዚህ ዕድሜዎ አላህን አይፈሩም? እኔ ነኝ ያልኩት። በራሴ አፍ፣ በሴቶች ፊት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምነው ልጄ፣ የታመመብህ ሰው አለ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ሐጂ ይማም ቤት በር ላይ ደርሼ ቆምኩ። እጄ አላንኳኳ አለኝ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ በመጨረሻ።

«ወአለይኩም ሰላም። ግባ። ጫማህን አውልቅ፣ ጭቃ ነው።»

ገብቼ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ።

«ጉልበቴን ተወው አንተ፣ የሚያመኝ እሱ ነው!»

«አፉ በሉኝ ሐጂ። አፉ በሉኝ። ሌባ ስልዎት ምነው ዝም አሉ? አንድ ቃል ቢሉኝ ምናለ?»

«ብናገር ምኑን ሰደቃ ሆነ?» አሉ። «ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ ነው የተባልነው። አንተ ደግሞ ለግራዋ ኮምፒውተር አመጣህላት።»

ሰደቃ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቃሉ ትዝ አላለኝም ነበር። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሰሌዳ ያስጻፈው ነጋዴ፣ ሰደቃ ተቀባይ ሆኖ ነው የከረመው። ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ሳንቲም ስጥል የሚሰማኝን ኩራት አስቤ መሬት ብትከፈት በገባሁ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከረመዳን ወዲህ። ከዚያች ከማከራያት ክፍል ኪራይ ነው፤ ለእኔ ሻይ አንተ አለህልኝ። መሳቢያህ ባዶ ሆና ስትስባት ፊትህን አየሁት።»

«ለምን ግን ለእኔ?»

ሐጂ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ድሮ የጨርቅ ሱቅ ነበረኝ። አባትህ በየቀኑ እየመጣ ይቀመጣል፣ ሻዬን ይጠጣል፣ ደንበኛዬን ይመልስብኛል። አንድ ቀን ድንገት ስገባ እጁን መሳቢያዬ ውስጥ አየሁት። ምን አደረግኩ መሰለህ? አንተስ በሱቅህ ውስጥ ነው የሰደብከኝ። እኔ ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ፣ መስጊድ በር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ነው አባትህን ሌባ ያልኩት።»

«አባቴ ምን አለ?»

«‹አላህ ያውቃል› አለና ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ። ሻይ እዘዝልኝ አለኝ።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «በኋላ አባትህ ታሞ ሁለት ወር ቀረ። ያኔ መሳቢያዬም አብራው ታመመች። እኔ የገባኝ በዚህ ነው። ኮምፒውተር የለኝም ነበር።»

ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ተከተልኩ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ይበቅላል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ሲበቅል ነበር።

«አንድ ነገር ግን» አሉ ስወጣ። «ከዚያ ሰይጣን ሣጥንህ ላይ ስሜን እንዳትጽፍ።»

በማግስቱ ሰይድንና ጎረቤቶቼን ጠርቼ፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሐጂ አንዲት ሳንቲም እንዳልነኩ ተናገርኩ። ሌላውን አልተናገርኩም። ሐጂ በሰዓታቸው መጥተው ተቀመጡ፣ ሻይ አዘዙ፣ ለመጀመሪያዋ ደንበኛ «ይሄ ባልዲ ስስ ነው» አሏት። ወላሂ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ደንበኛ አጥቼ አላውቅም።

ሐጂን ሁለተኛ ብር እንዳይጨምሩልኝ አስማልኳቸው። ለዘመድ ባልዲ መቶ ሰባ አምስት አደረግኩ፤ ዘመድ ተቀየመኝ፣ ግን ገዛኝ። ስሱንም ባልዲ ተውኩት። በአራተኛው ወር ፕሮግራሙ እውነተኛ ትርፍ አሳየኝ፣ ስምንት መቶ ሃያ ብር። ዘምዘም ስክሪኑን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ቀዩዋ ሰሌዳ ተገልብጣ የሐጂ የሻይ ጠረጴዛ ሆናለች።

«ያልታወቀ» ግን እዚያው ነው። ስም አልሰጠሁትም። ማይነስ አራት ሺህ ስድስት መቶ ብሎ ያፈጥብኛል። ይህ ፕሮግራም እንደነገርኳችሁ ዜሮ ይወዳል፤ እኔም ይሄን ዕዳ ዜሮ ላደርሰው አሰብኩ። ስለዚህ ሰሞኑን አዲስ ልማድ አውጥቻለሁ። ከዐስር በኋላ ሐጂን ሱቄ ላይ ትቼ ሰይድ ዘንድ እሄዳለሁ። መሳቢያው አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ሻዩን እጠጣለሁ፣ ጫማ ሊለካ የመጣ ሰው ካለ «ይሄ ሶሉ አያከርምህም» እለዋለሁ። ሰይድ ወደ ውስጥ ገባ ሲል እጄ ሥራውን ይሠራል። ማምሻውን ሱቄ ተመልሼ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ሰረዟ አለች፣ ቁጥሩ ግን ወደ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ወርዷል።

ሰይድ «ይሄ ሰውዬ የራሱ ሱቅ የለውም እንዴ? ሻዬን ጨረሰው እኮ!» ብሎ ለሐጂ እንዳማኝ ሰምቻለሁ። ሐጂ «አዎ፣ አባቱም እንዲህ ነበር» ብለውታል።

ትናንት ደግሞ ሰይድ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ሰማህ? መሳቢያዬ ሰሞኑን ማሻአላህ ነው። ቅርንጫፍ ልከፍት ነው።»

«የት?» አልኩ፣ ብርጭቆዬን አስቀምጬ።

«ኮምቦልቻ! ያቺን የሒሳብ ፕሮግራም አስተምረኝማ።»

ደነገጥኩ። ሐጂ ይማምን አየሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው ሻያቸውን ያማስላሉ፣ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ተቃጥላለች» አልኩት።